የተሰደበው ኬክ

አንድ ባለ ሀብት በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆቴል ሠራ። ሰውየው ያደገው በሌላ አገር ስለሆነ ቋንቋችንን እንጂ ይሉኝታችንን አያውቅም። ሆቴሉ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ለኬክ ቤቱ ኃላፊ የምትሆን ባለሙያ ፈለገ። «ቤት የተጋገረ፣ ወቅቱ ባፈራው ትኩስ ፍራፍሬ የተሠራ ኬክ አቅምሱኝ» አለ። በሙያቸው የታወቁ ሦስት ሴቶች ተመረጡና በየቤታቸው እየዞረ ሊቀምስ ቀን ተቆረጠ።

ከሦስቱ አንዷ የሻረግ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሠርግና ለሰው ክርስትና ስትጋግር ኖራ «እጇ ይጣፍጣል» ከመባል በቀር ያተረፈችው ነገር የለም። ይህን ሥራ አጥብቃ ፈልጋዋለች።

ጊዜው ክረምት ነውና የጓሮዋ ኮክ ደርሷል። በጠዋት ተነሥታ የበሰለ የበሰለውን ለቀመች። ልጣ ከተፈችና ግማሹን ከሊጡ ጋር ለወሰችው፤ ግማሹን ከላይ ደረደረችው። ኦቭን የላትም። ብረት ድስት ውስጥ አድርጋ፣ ከታች ፍም፣ ክዳኑም ላይ ፍም አድርጋ ጋገረችው። ሲወጣ ቀላ ብሎ፣ የኮኩ ጭማቂ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ፣ መዓዛው ጎረቤት ድረስ ደርሶ ነበር።

እንግዳው መጣ። የሻረግ ቆርሳ በሳህን አቀረበችለትና አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ዛሬስ አልሆነልኝም። እንዲያው ለስሙ ያህል ነው» አለች።

የአገሩ ሰው ቢሆን ኖሮ «ኧረ ተይ፣ አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሁለት ቁራጭ ያነሳ ነበር። ባለ ሆቴሉ ግን ሹካውን አስቀመጠ። «አይዞዎት፣ ያጋጥማል» አለና ሳይቀምስ ወጣ።

የሻረግ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና የተተወውን ቁራጭ አነሳች። ያን ሁሉ ዘመን ስትጋግር የራሷን ኬክ እንደ እንግዳ ተቀምጣ በልታው አታውቅም። ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ቆም አለች። ንዴቷ መጣ።

«ይህንን ነው አልሆነልኝም ያልኩት?»

የቀረውን ኬክ በትሪ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትሪውን ሸፈነችበትና በክረምቱ ዝናብ ወጣች።

ባለ ሆቴሉ ላይ የደረሰችው ከሦስተኛዋ ሴት ቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ነው። ሁለተኛዋ ቤት ሲሄድ «ቂጣ ሆኖብኛል» ተብሏል። ሦስተኛዋም «ባይቀምሱት ይሻልዎታል» ብላዋለች። እሱም በዚህ ከተማ ኬክ የሚሆንለት ሰው የለም ብሎ ከዋና ከተማ ጋጋሪ ሊያስመጣ ወስኗል።

«ጌታዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች የሻረግ፣ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ። «ኬኩ ጥሩ ነው። ኮኩን የተከልኩት እኔ ነኝ። እሳቱን ከላይም ከታችም የጠበቅሁት እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ ከዚህ የተሻለ ኬክ ካለ ያሳዩኝ!»

ሰውየው እዚያው ቆሞ በላ። ደገመ።

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«ትሕትና መስሎኝ ነበር።»

«ሥራው የእርስዎ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ እንዳልሆነላቸው ነግረውኛል» አለ አፉ እንደሞላ።

የሻረግ እሺ ብላ መሄድ ትችል ነበር። ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። የሁለቱን እጅ አውቀዋለሁ፤ እነሱም እንደ እኔ ዋሽተዋል። ካሸነፍኩ ከተቀመሰ ኬክ ጋር ተወዳድሬ ነው የማሸንፈው።»

ባለ ሆቴሉ ተመለሰ። የሁለቱንም እሷ ባለችበት ቀመሰ። ሁለቱም ግሩም ነበሩ። ብዙ ካሰበ በኋላ «የኮኩ ይበልጣል» አለ።

የሻረግ እንደ ልማዷ «ኧረ ምንም አይደል» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው።

«አዎ፣ ይበልጣል» አለች ቀና ብላ።

ወዳጆቼ፣ ትሕትና ራስን ከሌላው በላይ አለማድረግ ነው። የደከሙበትን መልካም ሥራ በገዛ አፍ ማዋረድ ግን ይሉኝታ የለበሰ ውሸት ነው። ሰው አምኖን ትቶን ቢሄድ በማን ልንቆጣ ነው? በሥራው የሚኮራ ሰው የሌላውንም ሥራ ያከብራል፤ የሻረግ ባለ ሆቴሉን የመለሰችው ለዚህ ነው።

እርስዎስ፣ በእጅዎ ከሠሩት መልካም ነገር የትኛውን ነው በሰው ፊት ሲሰድቡት የኖሩት?