ዘርፌ፣ የብሎኬት ማሽኑና የአቶ መንበሩ ቁልፍ

ወሬ አለኝ፤ ሰሚ ካለኝ።

ዘርፌ የምትባል ብሎኬት ሠሪ ነበረች። ግቢውም ማሽኑም የአቶ መንበሩ ነው፤ እሷ ተከራይ ናት። ውሉ ገና አራት ወር ሲቀረው አቶ መንበሩ ማሽኑን ለእህታቸው ልጅ ማከራየት አማራቸው። አንድ ረፋድ ዘርፌ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል በሩን ቆለፉት። ማሽኑ ሆድ ውስጥ የተቦካ ሲሚንቶ ነበር። ቶሎ ካልወጣ ድንጋይ ይሆናል፤ ማሽኑም አበቃለት፤ የዘርፌም እንጀራ አብሮ አበቃ።

«ጋሽ መንበሩ፣ በሕግ አምላክ ይክፈቱልኝ! ሲሚንቶው ይደርቃል!»

«ዘዴሽን አውቀዋለሁ። ፖሊስ ካልመጣ አልከፍትም» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቀብር ሄዱ።

ዘርፌ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች። «ሳጅን፣ ይነሱልኝ! ጋሽ መንበሩ ያለ ፖሊስ በሩን አይከፍቱ፣ ሲሚንቶው ይደርቃል!»

«እህቴ፣ ይሄ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣሽ አልነሳም።»

ቀበሌ ሮጠች። «ደብዳቤ ይጻፍልኝ! ሳጅን ያለ ደብዳቤ አይነሱ፣ ጋሽ መንበሩ ያለ ፖሊስ አይከፍቱ፣ ሲሚንቶው ይደርቃል!»

ጸሐፊው አሳምሮ ጻፈላት። «ማኅተም ካላረፈበት ግን ተራ ወረቀት ነው። ማኅተም የምትመታው ልኬለሽ ደግሞ ቀብር ላይ ናት።»

መቃብር ስፍራው ደረሰች። «ልኬለሽ፣ ነይ አትሚልኝ! ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይሠራ፣ ሳጅን ያለ ደብዳቤ አይነሱ፣ ጋሽ መንበሩ ያለ ፖሊስ አይከፍቱ፣ ሲሚንቶው ይደርቃል!»

«ዕድሩ ስም ሳይጠራ? በአንቺ ጦስ ልቀጣ ነው?» አለች ልኬለሽ። «ስም የሚጠራው ደግሞ መቃብሩ ሲዘጋ ነው።»

ዘርፌ ከጉድጓዱ አፍ የቆመውን ግንበኛ ያዘችው። «ባዩ፣ በሞቴ ዝጋው! መቃብሩ ካልተዘጋ ስም አይጠራ፣ ስም ካልተጠራ ልኬለሽ አትሄድ፣ ልኬለሽ ካልሄደች ማኅተም የለ፣ ያለ ማኅተም ደብዳቤ የለ፣ ያለ ደብዳቤ ሳጅን አይነሱ፣ ያለ ፖሊስ ጋሽ መንበሩ አይከፍቱ፣ ሲሚንቶው ይደርቃል!»

ባዩ እጁን አጣጠፈ። «በምን ልዝጋው? ለዕድሩ ትናንት ያዘዝኩሽ ሃያ ብሎኬት የታለ?»

ዘርፌ በንዴት ረስታው ኖሯል። «ግቢ ውስጥ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግቢው ተቆልፏል።»

«ማን ቆለፈው?»

ሰው ሁሉ ወደ ዕድሩ ዳኛ ዞረ። የዕድሩ ዳኛ አቶ መንበሩ ናቸው። የሟች ሚስት ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሽ መንበሩ፣ ባሌን ፀሐይ ላይ ሊያውሉት ነው?»

አቶ መንበሩ አፈሩ፤ ኪሳቸውንም ዳበሱ። ቁልፉ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ዘርፌ ወደ ማሽኑ ሮጠች፣ ብሎኬቱ ወደ መቃብሩ ሄደ፣ መቃብሩ ተዘጋ፣ ስም ተጠራ፣ ልኬለሽ ሄደች፣ ማኅተሙ አረፈ፣ ደብዳቤው ደረሰ፣ ሳጅን ተነሱ።

ሳጅን ሲመጡ ዘርፌ ባዶውን ማሽን እያጠበች ነበር። ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡና፣ «በሩ ይከፈት!» ብለው በተከፈተው በር ገቡ። ያን ያህል መጥተው ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ቁልፉን ከአቶ መንበሩ ተቀብለው፣ ውሉ እስኪያልቅ እሷ ጋ ይሁን ብለው ለዘርፌ ሰጧት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በሲሚንቶ እንዳታብሱ።