አራጋው ወንጭፈኛውና አምስተኛው ቀን

ድሮ ነው። የዛሬ ሽማግሌዎች አያቶች ራሳቸው «ድሮ» እያሉ ያወሩት የነበረ ድሮ። ያን ጊዜ ሾላ በር የምትባል የቆላ መንደር ነበረች፤ አሁንም አለች። ከመንደሯ በታች ወንዝ አለ። ወንዙ ዳር ደንገል አለ። ደንገሉ ውስጥ ግሪሳ ወፍ ያድራል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሁሉ ማሽላ ነው። ግሪሳው ጎህ ሲቀድ ይነሣና በሁለት ኮረብታ መካከል ባለው ጠባብ በር ይገባል። በሌላ በኩል አይገባም። ለምን እንደሆነ ግሪሳውን የጠየቀው የለም።

በበሩ አፍ አንድ ማማ ነበር። ማማው ላይ የሚቆመው ወንጭፈኛ ሥራው ወፍ መግደል አይደለም። መንጋው መሬት ሳይነካ ከፊቱ ድንጋይ አሳልፎ መመለስ ነው። አንዴ ያረፈ ግሪሳ በጩኸት አይወጣም፤ ከዚህ ሲነሣ እዚያ ያርፋል። ስለዚህ ድንጋዩ ከማማው ተነሥቶ ትልቁ ሾላ ድረስ መሄድ አለበት። ሾላው ዛሬም ቆሟል። ሁለት መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይቁጠር።

በዚያች መንደር አራጋው የሚባል ሰው ነበር። አጭር ነው። በሬ የለውም። መሬቱም በበሩ ሥር ያለች አንዲት ቁራጭ ናት። ይንተባተብ ነበር የሚሉ አሉ፤ ዝምተኛ ነበር እንጂ አይንተባተብም የሚሉም አሉ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ የሌላው ሰው ድንጋይ እመንገድ ሲወድቅ የአራጋው ሾላው ይደርስ ነበር። ስለዚህ መንደሩ ማማውን ለእሱ ሰጠው። በመከር ጊዜ ከየአውድማው እህል ይሰፈርለታል። እሱና ሚስቱ ፋጤ የሚኖሩት በዚያ እህል ነው።

የመጀመሪያው ነገር እንዲህ መጣ።

ማሽላው ወተት ሲይዝ አራጋው ማማው ላይ ወጣ። አንድ ቀን ወረወረ። ሁለት ቀን ወረወረ። ሦስት ቀን ወረወረ። ከጎህ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ፣ ቀን በቀን። በስድስተኛው ቀን ከፋጤ ጋር ገበታ ቀረበ። ቀኝ እጁ እንጀራውን ቆረሰ፤ አፉ ጋ ግን አልደርስ አለ። በግራው ጎረሰ።

«በግራህ?» አለች ፋጤ።

«ቀኙ ደክሞታል።»

«እጅህን ደክሞት ነው ወይስ አንተ ነውር ጠፍቶህ?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በአሥረኛው ቀን ወንጭፉ ከእጁ ዘግይቶ ተለቀቀ። ድንጋዩ ወደ በሩ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ሄደ። ሄዶም በማሽላው ዳር ታስሮ የነበረውን በሬ ዓይን አጠፋ። በሬው የጭቃ ሹም እንድሪስ ነበር። ጭቃ ሹም እንድሪስ የመንደሩ ሹም ነው፤ በሬውም የመንደሩ ምርጥ በሬ ነበር።

ጭቃ ሹሙ አልጮኸም። «አስቦበት ይሁን እጁ ስቶት፣ ሽማግሌ ይየው» አለ። ሽማግሌዎቹ እስኪቀመጡ አራት ቀን ነበር። አራቱን ቀን አራጋው ወንጭፍ እንዳይነካ ተከለከለ። ሌሎች ማማው ላይ ወጥተው ጅራፍ አጮኹ። ግሪሳውም የቻለውን በላ። አራጋው ጥፋተኛ ከተባለ ማማው እንደሚቀር፣ ማማው ከቀረ ደግሞ ከዚያች ቁራጭ መሬት ሌላ መብያ እንደሌለው ያውቅ ነበር። ደጁ ላይ ተቀምጦ ክንዱን እያሸ ቀኑን ጠበቀ።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ማማው ሥር ተቀመጡ። «እንዴት እንደወረወርክ አሳየን» አሉት። አራጋው ወንጭፉን አነሣ። እስታለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ክንዱ ግን ቀለለው፤ የተዋሰው ክንድ እንጂ የራሱ አልመስለው አለ። ድንጋዩ ሄዶ የሾላውን ግንድ መታ። «ድገም» አሉት። ደገመ፤ ያንኑ ቦታ መታ። «ድገም» አሉት። ደገመ።

ጭቃ ሹሙ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ይኸው! ይህ ሰው አይስትም። ካልሳተ በሬዬን አስቦበት ነዋ የመታው!»

አራጋው ይህ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። መልካም መወርወሩ ራሱ መሰከረበት። እንዲህም አለ፦ «ጌታዬ፣ በሬዎን የመታው ይህ ክንድ አይደለም። አሥር ቀን ያላረፈ ክንድ ነው። ያንን ክንድ ማየት ከፈለጉ ነገም ይምጡ፣ ከነገ ወዲያም ይምጡ።»

አሳምኗቸው ይሁን አስቋቸው አይታወቅም፤ መጡ። አራጋው ቀኑን ሙሉ እየወረወረ ማታ ማታ ለሽማግሌዎቹ አንዳንድ ድንጋይ ወደ ሾላው ይልካል። በሁለተኛው ቀን ድንጋዩ ሾላው ሥር ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ሃያ እርምጃ አነሰው። በአራተኛው አርባ። በሰባተኛው ቀን ድንጋዩ ወደ ኋላ መጣ። ሽማግሌዎቹ ማማው ሥር ገቡ።

«በቃ!» አለ ጭቃ ሹሙ ከምሰሶው ጀርባ ሆኖ። «አምነናል! የቀረውን በሬ አትርፍልን!»

ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ አራጋው ክንዱን መመርመር ያዘ። አንድ ቀን አርፎ ወረወረ፤ ድንጋዩ አልደረሰም። ሁለት ቀን አርፎ ወረወረ፤ ደረሰ፣ ግን እስከ እኩለ ቀን ብቻ። ሦስት ቀን አርፎ ወረወረ፤ እስከ ማታ ደረሰ፣ ግን ቀጥ አላለም። አራት ቀን አርፎ በአምስተኛው ወረወረ፤ ከጎህ እስከ ማታ ደረሰ፣ ቀጥም አለ። አሥር ቀን አርፎም ሞከረ፤ ክንዱ ሥራውን የረሳ መሰለ። ስለዚህ አራት ቀን ዕረፍት፣ አንድ ቀን ወንጭፍ ብሎ ያዘ።

ለጭቃ ሹሙም ነገረው። «አምስት ሰው ይስጡኝ፣ ላስተምር። ሁሉም በየአምስት ቀኑ አንድ ቀን ይወጣል።»

መንደሩ ሳቀ። «አራጋው የራሱን ሰንበት አወጣ» አሉ። «አርሶ የማያውቅ፣ ወፍ አይቶ አራት ቀን ይተኛል» አሉ። አምስት ሰው አልሰጡትም። አንድ ሰጡት። እሱም የጭቃ ሹሙ የወንድም ልጅ ጓንጉል ነው፤ ሚስት ያገባ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጉልበቱ የተመሰከረለት ሰው። ጓንጉል ወንጭፉን ቶሎ ለመደ።

«አያ አራጋው፣ እርስዎ አራቱን ቀን ይረፉ» አለ። «አራቱን እኔ እወረውራለሁ። በአምስተኛው እርስዎ ሲወጡ እኔ ከሚስቴ ጋር እውላለሁ፤ ይበቃኛል።»

«ክንድህ አይበቃውም።»

«የኔ ክንድ የእርስዎ አይደለማ!» አለ ጓንጉል። ሰው ሳቀ። ሥራውም እንዲያ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር በሚቀጥለው ዓመት መጣ።

አራጋው ወርውሮ ሁለተኛ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ጓንጉል ለቅሶ ሄዷል። ያን ቀን ዝንጀሮ ከገደሉ ወረደ፤ ሠላሳ ነው የሚሉ አሉ፣ ስድሳ ነው የሚሉም አሉ። መጀመሪያ የደረሰው በበሩ ሥር ያለችው የአራጋው ቁራጭ ላይ ነው።

ሰው እየሮጠ መጣ። «ወርውር!» አሉት። አራጋው ቀኝ እጁን በመቀነቱ ከወገቡ ጋር አሰረ። በግራው ቅል አንሥቶ እየደበደበ ጮኸ። ዝንጀሮ ቅል አይፈራም። ቁጭ ብሎ ይበላል።

«አራጋው፣ የኛ ነው'ኮ የሚበላው!» አለች ፋጤ።

«አያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ ከወረወርኩ አምስተኛው ቀን ባዶ እጄን ያገኘኛል። ያን ጊዜ የሚበላው የሁሉም ነው።»

ፋጤ ሦስት ቀን አላናገረችውም ይባላል። በዚያች ቁራጭ ላይ የቆመ አገዳ እንጂ የቀረ እህል አልነበረም።

ዝንጀሮው የጣፈጠው ቦታ ይመለሳል። በአራጋው የወንጭፍ ቀን ጠዋት ተመልሶ መጣና የጭቃ ሹሙ ማሽላ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከፊት የሚመራው ትልቁ አውራ ነው። አራጋው ማማው ላይ ቆሞ አንድ ድንጋይ ወረወረ። አውራው ወደቀ። የቀረው ወደ ገደሉ ተመለሰ፤ በዚያ ዓመት አልወረደም። ጭቃ ሹሙ አየ። ሰውም አየ። «እውነቱን ነበር» አሉ። አምስት ሰው ግን አሁንም አልሰጡትም፤ ማየት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ነገር የመጣው ዝናብ በአጠረበት ዓመት ነው።

በሌላው አገር ማሽላው ደረቀ። የሾላ በር ማሽላ ወንዝ ዳር ስለሆነ አፈራ። ስለዚህ የየአገሩ ግሪሳ ተሰብስቦ በአንድ ደንገል አደረ። ሲነሣ ፀሐይ ይከልል ነበር ይላሉ፤ ይህ ስለ ግሪሳ የሚያወራ ሁሉ የሚለው ነውና በልኩ ያዙት። ጓንጉል አራት ቀን በተከታታይ ወረወረ። በአምስተኛው አራጋው ወረወረ። በስድስተኛው ቀን ማለዳ ጓንጉል ተመልሶ ወጣ። ማሽላው ለመታጨድ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

አራጋው ያን ቀን ለጓንጉል ምግብ ይዞ ማማው ላይ ወጣ። ጓንጉልም እንደ ወጉ ታላቁን ሳያጎርስ አልበላም አለ። «አያ አራጋው፣ ይጉረሱልኝ» ብሎ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ጉርሻው ከአራጋው አፍ ሳይደርስ ተበትኖ ወደቀ።

ሁለቱም የወደቀውን አዩ። አራጋው ከፋጤ ጋር ገበታ ቀርቦ በግራው የጎረሰበት ቀን ትዝ አለው። የበሬውም ዓይን ትዝ አለው።

«ውረድ» አለው።

«ማን ሊወረውር? እርስዎ ትናንት ነው'ኮ የወረወሩት።»

«ውረድ ብያለሁ። ዛሬ ከወረወርክ ክንድህ አይመለስም። ሚስትህ እርጉዝ ናት። ድንጋይ አቀብለኝ።»

ጓንጉል ድንጋይ አቀበለ። አራጋው ወረወረ። በበሩ የመጣው መንጋ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቀን ክንዱ ጋለ። በሁለተኛው ቀን ከበደ። እንደ ልማዱ ድንጋዩ ማነስ ነበረበት፤ አላነሰም። ሊያንስበት ሲል ከወገቡ ጨመረ፣ ከእግሩ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ክር እንደሚበጠስ ተበጠሰ። አላመመውም። ያስፈራው አለማመሙ ነው። ስንት እንደወረወረ ሲነገር አንዱ ሦስት መቶ ይላል፣ አንዱ ሺህ ይላል። ሺውን ተዉት፤ ማማው የሚይዘው ድንጋይ ይታወቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው መንጋ ወደ ደንገሉ ዞረ። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ማጭድ ይዞ ወጣ።

ማሽላው ገባ። የአራጋው ቀኝ እጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወገቡ በላይ አልተነሣም።

እህሉ ተወቅቶ መንደሩ በአውድማው ተሰብስቦ ሲበላ አራጋው ዳር ተቀመጠ። በግራው ቆረሰ። ነውር ያለው የለም። ፋጤ ጎኑ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። ጓንጉል ተነሣ፣ ጠቀለለ፣ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ክንዱ አርፎ ነበርና እጁ አልተንቀጠቀጠም። አጎረሰው። ቀጥሎ ጭቃ ሹም እንድሪስ ተነሣ። አጎርሶት ሲያበቃ ወደ ሰው ዞረ፦ «አምስት ሰው ጠየቀን፣ አንድ ሰጠነው። የቀሩትን የአራቱን ዋጋ በክንዱ የከፈለው እሱ ሆነ» አለና ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ዓመት ማማው ላይ አምስት ወንጭፈኛ ተመደበ። ያስተማራቸው አራጋው ነው፤ በግራ እጁ እያመለከተ። መንደሩም እስከ ዕለተ ሞቱ ከየአውድማው ሳያጓድል ሰፈረለት። ከሞተ በኋላ ማማው ላይ ታየ የሚሉ አሉ፤ ያን አላረጋገጥንም።

የተረጋገጠው ይህ ነው። በሾላ በር እስከ ዛሬ ወንጭፈኛ በየአምስት ቀኑ አንድ ቀን ይወጣል። ሊወጣ ሲመጣ ከማማው የሚወርደውን በሚወረውርበት እጁ ያጎርሰዋል። ጉርሻው ካልተበተነ ወንጭፉን ይቀበላል። አንዲት ፍርፋሪ ከወደቀች ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሰነፍ የሚለው የለም። በግሪሳ ወራት በግራው የጎረሰ ሰውም በዚያች መንደር ነውረኛ አይባልም።

ወንጭፍ ይዞ የማያውቅም ቢሆን፣ ሸክም ተሸክሞ የዋለም ቢሆን፣ ሕመምተኛ ሲያስታምም የሰነበተም ቢሆን፣ «አልደከመኝም፣ ልቀጥል» ሲል የሾላ በር ሰው አይከራከረውም። አጠገቡ ይቀመጥና አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«እስቲ አጉርሰኝ» ይለዋል።