ከጀማሪዎች ጋር የተቀመጠው ባለቅኔ

የመሪጌታ ይሄይስ መርዶ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስካለ የደረሳት ሰኞ ጧት ነው። መጻሕፍታቸውን ብል እንዳይበላቸው ፀሐይ ላይ ስታሰጣ የደብሩ አለቃ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ገቡ። ማንም «እንዴት አደርሽ» አላላትም፤ ያኔ ገባት። መሪጌታ ለሱባኤ በሄዱበት ገዳም ታመው ማረፋቸውን የነገሯት በኋላ ነው።

አርባቸው ከወጣ ወዲህ ደጋግማ የምታስታውሰው ከመሄዳቸው በፊት ያጫወቷትን ነው። በልጅነቷ ግጥም ትጽፍ ነበር። ልጆች ስታሳድግ ተወችውና አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ስንኝ ሳትጽፍ ቆየች። የመጨረሻ ልጇን የዳረች ሰሞን ደብተር ገዛች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ገጽ ስታይ ሰነበተች። በመጨረሻ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ የተወ ሰው ይመለስበታል ወይስ እንዲያው ይቀራል ብላ ጠየቀቻቸው። ቀልድ አለመሆኑን አወቁ። በቆዳ የሚደጉሱትን መጽሐፍ አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ ጀመሩላት።

አንድ ባለቅኔ ነበረ። በዘመኑ የሚተካከለው አልነበረም። ስምንት ቤት ያለውን ረጅሙን ቅኔ፣ መወድሱን፣ ቆሞ ሲዘርፍ ሊቃውንቱ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ኋላ ሚስት አገባ፣ እርሻ ያዘ፣ ዳኝነት ተሾመ፤ ቅኔውን ተወ። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ጊዜ ለንግሥ በዓል ወደ አንድ ደብር ቢሄድ፣ ስሙ የታወቀ ነውና፣ ቅኔ እንዲያሰማቸው ለመኑት። ተቀምጦ ቢያስብ አንድ ቃል አልመጣ አለው። እምቢ እንዳይል ደግሞ ስሙን ፈራ።

መቼም ታውቂያለሽ፣ ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም። የዛሬው ለዛሬ ነው። ሰውየው ግን በጉብዝናው ወራት ሩቅ ደብር የተቀኘው መወድስ ትዝ አለውና፣ ማን ያስታውሰዋል ብሎ ቆሞ ጀመረ። ሦስተኛውን ቤት እንደ ጨረሰ፣ ከጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ዓይነ ስውር መምህር አራተኛውን ቀድመውት አሉት። አምስተኛውንም ጨመሩ።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ይህን የተቀኘውን ሰው አውቀው ነበር። አንተስ ማን ነህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ለት አገር ጥሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ የእኒያኑ መምህር ቅኔ ቤት ጠይቆ ሄደ። ካባውን አውልቆ አጣጠፈና፣ ትምህርቱን ገና ከጀመሩት ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ «ዳኛው መጡ፤ ከመሃላችን ማን ተከሶ ይሆን?» እያሉ ሳቁበት። አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ጀማሪ ሁሉ የሚነሣባትን፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ሲያስብ ዋለ። ማታ ለመምህሩ ቢነግራቸው ሁለተኛውን ቤት አፈረሱበት። በነጋታውም አፈረሱበት። በአራተኛው ቀን ግን እስከ መጨረሻው ሰሙትና ወደ ተማሪዎቹ ዞረው «ተቀበሉት» አሉ። የሳቁበት ልጆች ሁሉ ቅኔውን ከአፉ ተቀብለው በቃላቸው ያዙት። ሁለት ቤት ናት፤ ግን የዚያን ቀን ናት።

መሪጌታ ይህን ተናግረው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አንቺም እንዲሁ ነሽ፣ አስካለ። ደብተሩን ከፍተሽ የድሮዋን ልጅ ነው የምትጠብቂው። እሷ የጻፈችውን ጽፋለች፤ ብትመጣም ያንኑ ነው የምትደግምልሽ። ሰው ሁሉ የዚያን ባለቅኔ መወድስ ያደንቃል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማደንቀው ካባውን አጣጥፎ ሣር ላይ መቀመጡን ነው። አንቺም ሁለት ስንኝ ጻፊ። ቢፈርስም የዛሬ ይሁን።»

«ቢፈርስ ማን ያርምልኛል?» አለቻቸው።

«እኔ አለሁ አይደል?»

በሦስተኛው ቀን ሁለት ስንኝ ይዛ ቀረበች። የመጀመሪያውን አረሙላት፤ ሁለተኛውን ከሱባኤ ስመለስ ብለው ሄዱ። እሱ ስንኝ ሳይታረም እንዳለ አለ፤ ከሥሩ ግን ሌሎች ተጽፈዋል።

ይህን ያነበብህ፣ ያነበብሽ ሁሉ፣ ገጹን ከመግለጥህ፣ ከመግለጥሽ በፊት መሪጌታ ይሄይስን በክርስትና ስማቸው ተክለ አብ ብለህ፣ ብለሽ በጸሎት አስባቸው፣ አስቢያቸው፤ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ እንዲያሳርፍልን።