የወይዘሮ ዘርትሁን ጃንጥላ

በአንድ ወቅት ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በልብስ ሰፊዋ በእናኑ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት የአንድ እናት ልጆች በአንድ ጥቁር ጃንጥላ ይጨቃጨቁ ነበር። ታላቁ ገረመው ጫፉን ይዟል፤ መካከለኛው ደባልቄ እጀታውን።

«ልቀቅ እንጂ» አለ ገረመው።

«ምነው ሚኒስትር፣ ይሄንንም በአዋጅ ልትወስደው ነው?» አለ ደባልቄ።

ታናሽ እህታቸው ትርንጎ በሩ አጠገብ ቆማለች። እናኑ ገና ስፌት ይቀረዋል ብላ ጃንጥላውን ከእጃቸው ወሰደችና መርፌዋን አነሳች።

ጃንጥላው የሟች አክስታቸው የወይዘሮ ዘርትሁን ነው። አዋላጅ ነበሩ። ስንት ሴት ተደብቃ ስታስወርድ መሞቷን አይተው፣ ይህንኑ ጃንጥላ ይዘው ከመንደር መንደር ፊርማ አሰባሰቡ። እስከ አሥረኛው ሳምንት በጤና ጣቢያ ፅንስ ማቋረጥ የተፈቀደው በእሳቸው ድካም ነው። ሲሞቱ፣ ጃንጥላዬ ሕጌን ለጠበቀልኝ ይሁን ብለው ተናዘዙ።

አገሪቱን ሦስት ፓርቲዎች ተጣምረው ይመሩ ነበር። በውላቸው መሠረት ማንኛውም ሕግ በየዓመቱ የሦስቱም ማኅተም ካላረፈበት ይሻራል። አንድ ዓመት ከሦስቱ ትንሹ ፓርቲ የዘርትሁንን ሕግ አላትምም አለ።

ገረመው የጤና ሚኒስትር ነበር። ሕጉ ከተሻረ ሴቶችም ነርሶችም እንደሚታሰሩ ስላወቀ ተደራደረ። ትንሹ ፓርቲ እንዲያትም፣ በምላሹ አገልግሎቱ የሚሰጥባቸው ክፍሎች ለሁለት ወር እንዲዘጉ በምስጢር ተስማማ። ሕጉ ማኅተሙን አገኘ፤ ክፍሎቹም ተቆለፉ።

ትርንጎ ነርስ ነበረች። ክፍሉ በተቆለፈ በሳምንቱ አንዲት ሴት ዘጠነኛ ሳምንቷን ይዛ መጣች። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት የተረፈች ናት፤ ሁለት ወር መጠበቅ አትችልም። ትርንጎ ቁልፉን ከፍታ ረዳቻት። ሴትዮዋ እናኑ ነበረች። ትርንጎ ስሟን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ወንድሞቿ እንኳን አያውቁም። ክፍሉ መከፈቱ ግን ተደረሰበትና ከሥራ ተባረረች። ትንሹ ፓርቲም ስምምነቱ ፈርሷል፣ ሕጉ ራሱ ይሻር አለ።

ደባልቄ የምክር ቤት አባል ነበር። ፓርቲው ጥምረቱን ለማዳን ሕጉን ሊሽር ሲዘጋጅ፣ ተነሥቶ እጁ የገባውን የምስጢር ስምምነት በጉባኤው ፊት አነበበ፤ ስሟን ስለማያውቃት ሴትም ተናገረ። ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ጥምረቱን ጥሎ ሲወጣ መንግሥቱ ወደቀ። ሽረቱ ቆመ፣ ክፍሎቹም ተከፈቱ። አሁን ግን ምርጫው አንድ ወር ቀርቶታል፤ ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ የለም። የእናኑ ደንበኞችም ቀሚስ እየለኩ፣ ያቺ ሴት ማን ትሆን እያሉ ይጠያየቃሉ።

ገረመው ሱቁ ውስጥ፣ እሱ ማኅተሙን ባያስገኝ ሕጉ ያኔውኑ ይቀበር እንደነበር ተናገረ። ደባልቄ፣ የተቆለፈ ሕግ ከተቀበረ በምን ይለያል አለው።

«አንዲት ሴት ሁለት ወር መታገሥ አቅቷት እኮ ነው ይህ ሁሉ የመጣው» አለ ገረመው።

የእናኑ መርፌ ቆመ።

«ሕጉ ለእሷ ካልሆነ ለማን ነው፣ ጋሼ?» አለች ትርንጎ መሬት መሬት እያየች።

ደባልቄ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «እናኑ፣ አንቺ ከነገሩ የለሽበትም፤ አታዳዪም። እስቲ ፍረጂን።»

እናኑ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ጃንጥላውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጥታ ሄደች።

ጃንጥላው አሁንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?