የአያ ጅቦ ቅባት

አንድ ጊዜ መከታ የሚባል የግቢ ውሻ ቆዳውን ያሳክከው ጀመር። መጀመሪያ ጆሮው ሥር ነበር፤ ቀጥሎ ሆዱን፣ ከዚያም ጎኑን። ሲያክ ውሎ ሲያክ ስለሚያመሽ ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው ቀላ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አስካለ አይተውት፣ «እስከ ቅዳሜ ካልተሻለው ከግቢ ይወጣል፤ ወደ በጎቼ ይጋባብኛል» አሉ።

መከታ ይህን ሲሰማ ጅራቱ ወረደ። ከዚያ ግቢ ሌላ ቤት አያውቅም።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ አፍንጫውን በአጥሩ ቀዳዳ አስገባ። መከታ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ጩኸቱን ሳይጨርስ አሳከከውና ተወው።

«ምነው ወንድሜ፣ ጥበቃውን ተውከው እንዴ?» አለ ጅቦ።

«ቆዳዬ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ፣ አያ ጅቦ። ቅዳሜ መባረሬ ነው።»

«እኔ እያለሁልህ!» ጅቦ አንድ ጣሳ በቀዳዳው ገፋ አደረገ። «ቅቤ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ። ከራስህ እስከ ጅራትህ ታሸውና ወንዙ ዳር ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ትጋደማለህ። ብቻህን ና።»

«ወንዝ ዳር ለምን?»

«እ... እንዲዋሃድህ ነዋ!» አለና ምራቁን ዋጠ።

መከታ በጭንቀቱ ብዛት መዳፉን ወደ ጣሳው ሰደደ። ይህን ጊዜ ዶሮዎቹን ልትሰልል የመጣችው እመት ቀበሮ ከአጥሩ ጥግ ብቅ አለች። ጣሳውን አሸተተች።

«ይሄ ለቁስል ነው ለክትፎ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ጅቦ ዞራ ድምፅዋን አለሰለሰች። «አያ ጅቦ፣ ደህና ባለመድኃኒት መጀመሪያ ትንሽ በራሱ ላይ ይሞክራል። እስቲ አፍንጫህን ቀባ አድርግ።»

ጅቦ መንገዱን ሙሉ የቅቤውን ሽታ ችሎ ነው የመጣው። ቀባ ሲያደርግ ላሰው፤ ሲልሰው ጣመው፤ ጣሳውን እስከ ሥሩ ጠረገው። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ።

«እሳት! እሳት በላሁ!» እያለ ወደ ወንዙ በረረ።

«አመሰግናለሁ፣ እመት ቀበሮ» አለ መከታ።

«ለአንተ ብዬ መሰለህ? አንተ ከተባረርክ ጅቦ ይገባና ለእኔ አንድ ዶሮ አይተርፈኝም!»

በረት ውስጥ ገለባ የምታላምጠው አህያ ሁሉንም ሰምታለች። «አምና ጭነት ጀርባዬን ሲልጠኝ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡኝ፤ ቁስሌ የባሰው ከዚያ ነው» አለች። «ያዳነኝ የከብት ሐኪሙ ነው። ነገ ወፍጮ ቤት ስንሄድ ተከተለን። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

በማግስቱ አህያዋ እህሉን እንደተጫነች የከብት ሐኪሙ ክሊኒክ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ወይዘሮ አስካለ ለመኗት፣ ገፏት፣ ጆሮዋን ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለችም። ግርግሩን ሰምቶ የወጣው ሐኪም ግን አህያዋን ትቶ ከኋላዋ የሚያከውን ውሻ አየ። ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ፣ «ቁንጫ ነው» አለ። «በዚህ መድኃኒት ይጠቡት፤ በደንብ ያለቅልቁትና ያድርቁት። እንዳይልሰውም ይጠብቁ። የሚተኛበትን ጆንያ ያስወግዱ። ነዳጅም ሆነ የሰው ቅባት እንዳያስነኩት። ካልተሻለው መልሰው ያምጡልኝ።»

«አይባረርም ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ጆንያው ነው የሚባረረው!»

አህያዋ ይህን ሰምታ ማንም ሳይነካት መንገዷን ቀጠለች።

ቅዳሜ የመከታ ፀጉር ገና አልበቀለም፤ ማከኩ ግን ቀርቷል። ወይዘሮ አስካለም አዲስ ጆንያ አነጠፉለት። አመሻሹ ላይ ያበጠ አፍንጫ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ።

«መከታ፣ ያ ሐኪምህ... አፍንጫም ያያል?»

መከታ አፉን ከፈተ። በዚህ ጊዜ መሃል ላይ የሚያሳክክ ነገር ስላልነበረ ጩኸቱን እስከ መጨረሻው ጮኸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቆዳ ሲታመም ያገኙትን ሁሉ ከመቀባት ይልቅ የሕመሙን መነሻ ለሚያውቅ ሐኪም ማሳየት እንደሚሻል ነው።