ወንዙ ሲሞላ በእጅ የተነሣው ኔትወርክ

አንድ ሰው በወንዝ ዳር ከተማ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራ ነበር። አንቺ ተማሪዬ ፀዳለ፣ «ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲነሣ ኔትወርኩን ራሱ የሚያገናኝ ከሆነ፣ እኛ በእጅ ማገናኘቱን ለምን እንማራለን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሱ በዚህ ሰው ላይ በደረሰው ነገር ውስጥ አለ፤ ስሚኝ።

ሰውየው የሚጠብቀው አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ለብዙ ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ነበር። የወንዙ ውኃ ከልክ ሲያልፍ ይህ ሰርቨር ከታች ላሉት የሦስት ቀበሌ ገበሬዎች በስልካቸው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ታዲያ ሰርቨሩ የራሱ ዲስክ የለውም። ፕሮግራሙም፣ የገበሬዎቹ ስልክ ቁጥርም የተቀመጡት ከግቢው ማዶ፣ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ባለ የማከማቻ ማሽን ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲበራ መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ አንዲት ትንሽ የመነሻ ሥርዓት ትነቃለች። እሷ ኔትወርኩን ታገናኝና ትልቁን ሥርዓት ከማዶ ታመጣለች። ሰውየው ይህን በቃሉ ያውቀዋል፤ በእጁ ግን ሠርቶት አያውቅም።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሰርቨሩ እንደገና መነሣት ጀመረና መንገድ ላይ ቆመ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ «ኔትወርክ አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም ትእዛዝ የምትጠብቅ ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰውየው አጠፋና አበራ። ያው ነው። ደግሞ አጠፋና አበራ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያጠፋ ሲል ስልኩ ጮኸ። የደወሉት ከላይ ወንዙ ላይ ሆነው ውኃውን የሚለኩት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

«ውኃው ቀዩን መስመር አለፈ! መልእክቱ ወጣ ወይ?»

«አልወጣም፣ እትዬ። ሰርቨሩ እምቢ አለ።»

«ኧረ በእመቤቴ! ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እኮ ከታች ገበሬዎቹ ጋ ይደርሳል። ሰዉ ሁሉ እርሻ ላይ ነው!»

«የማንን ስልክ ይዘዋል?»

«የሁለት ሰው ብቻ። ደወልኩ፤ አንዳቸውም አያነሱም። ባክህ ልጄ፣ የሆነ ነገር አድርግ!»

ያኔ ሰውየው ጣቱን ከማጥፊያው ላይ አነሣ። ነገሩን ሁሉ የለወጠው ይኸው ነው። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና፣ ያለው ምን እንደሆነ ማየት ጀመረ።

ትንሿ ሥርዓት የምታውቀው ጥቂት ትእዛዝ ነው። ያሏትን፣ ኬብል የሚሰካባቸውን የኔትወርክ ካርዶች እንድትዘረዝር አዘዛት። ካርዱ አለ! አልተነሣም እንጂ አለ። ስሙ ግን ተለውጧል። ትዝ አለው፤ ባለፈው ሳምንት የመነሻ ሥርዓቷን በአዲስ ተክቷል፤ አዲሷ ካርዱን የምትጠራው በሌላ ስም ነው። እሱ ደግሞ ማሽኑ ሲነሣ በሚያነበው ቅንብር ላይ የድሮውን ስም አልቀየረም። ማሽኑ ለካ በሌለ ስም እየተጣራ መልስ ሲጠብቅ ኖሯል።

ካርዱን በአዲሱ ስሙ ጠርቶ «ተነሣ» አለው። ከማሽኑ ጀርባ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች! የሰርቨሩን አድራሻ ጎኑ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እያነበበ ጻፈለት። ወደ ማከማቻው ማሽን ጥሪ ላከ።

መልስ አልመጣም።

ኬብሉን ነካ አደረገው፤ ደህና ነው። ቁጥሩን ደግሞ አነበበው፤ ልክ ነው። ድንገት በእጁ ግንባሩን መታ። ማከማቻው ያለው በሌላ ኔትወርክ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያሻግረውን መንገድ መቼ ነገረው! ወደ ሌላው ኔትወርክ የሚያወጣውን በር አድራሻ ጻፈለትና እንደገና ጥሪ ላከ። መልስ መጣ! አንዱ ሌላውን እየተከተለ ስክሪኑን ሞላው። ሰውየው ብቻውን እንዳለ «አገኘሁት! አገኘሁት!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ትልቁን ሥርዓት ከማዶ አገናኘና ማሽኑ መነሣቱን እንዲቀጥል አዘዘ።

ሰርቨሩ ተነሥቶ ማስጠንቀቂያውን ለመላክ አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ወይዘሮ አስካለ ደወሉ። «ስልኬ ላይ ገባ! ለእኔም ደረሰኝ!» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው በለቅሶ እየተቆራረጠ።

ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ የውኃ ፓምፓቸውን በሸክም ይዘው ወደ ዳገቱ ወጡ። ጎርፉ መጥቶ የሽንኩርት ማሳውን ጠራርጎ ወሰደው። ሰው ግን አንድም አልጎደለም።

አየሽ ፀዳለ፣ ሁሉን የሚሠራልን ትልቁ ሥርዓት ያለው ከኔትወርኩ ማዶ ነው። ኔትወርኩ ካልተነሣ እሱም አይመጣም፤ ጠርተሽ የምታመጪው አንቺ ነሽ። ማሽኑ በራሱ ይነሣል ብሎ የሚተማመን ያንን ሰው ይመስላል፤ እምነቱ ለዓመታት ልክ ነበር፣ በዚያች ቀን ግን የሦስት ቀበሌ ሕዝብ የዳነው በሦስት ትእዛዝ ነው፤ ካርዱን አንሣ፣ አድራሻ ስጠው፣ መንገዱን ንገረው። እሱ እየፈራ፣ እየተሳሳተ፣ ውኃው እየመጣ ተማራቸው። አንቺ ግን ዛሬ በሰላም ተማሪያቸው። በይ፣ ከፊትሽ ያለውን ማሽን ኔትወርክ አሁን አጥፍቼዋለሁ። አስነሺው!