ቀፎ የወረደበት ዳገት

ሰው ከእጁ ያወጣው ነገር ሲጠፋ ዳር ቆሞ ካየ፣ በእኛ መንደር የምንተርትበት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ይስቃል። እኛ አንስቅም፤ ከማን አፍ እንደወጣች እናውቃለንና።

ከፋ ውስጥ ነው አገራችን። ጫካው የጋራ ነው፤ ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለ ግን የዛፉ ጌታ እሱ ነው፣ ምሳር የሚያሳርፍበት አይገኝም። ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ጋኖ የሚባል ሽማግሌ ከአባቱ የወረሰው ነበር። ያልሰቀለበት ዛፍ አልነበረም።

አንድ በጋ፣ ማር ቆራጮች የጣሉት ችቦ የጫካውን ጠርዝ አቃጠለ። ወዲያው የደን ጥበቃ ሹም መጥቶ ሕዝቡን ሰበሰበ።

«ደኑ ይከለላል። ቀፎ ይወርዳል፣ ሰውም አይገባም። ለየቤታችሁ የሣጥን ቀፎ እንሰጣለን፤ ዘበኛም እንቀጥራለን» አለ።

ሰው አጨበጨበ። ግንድ ላይ መንጠላጠል ቀርቶ ከጓሮ ማር መቁረጥን ማን ይጠላል? አብልጦ ያጨበጨበው ጋኖ ነው፤ ጉልበቱ ደክሞ ነበር።

ሚስቱ አስካለ ግን አልተዋጠላትም። «ዳገቱን ታዲያ ማን ያየዋል?» አለችው።

«ዘበኛ አለ አይደል እንዴ? ደሞዝ የሚበላው ለምን ሊሆን ነው?»

ቀፎው ወረደ። ወደ ዳገቱ የሚወስደውን መንገድ ሣር በላው። ዘበኛው አንድ ሰው፣ ጫካው ደግሞ ቀን ሙሉ ተሄዶ የማያልቅ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ የእንጨት ሌቦች የመጋዝ ድምፅ መጣ። ጋኖ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

«ኧረ ያንተ ዳገት ነው!» አለችው አስካለ።

«የእኔ ነበር። አሁን የመንግሥት ነው፤ ባለቤቱ ይጩህ።»

መንደሩም ሁሉ እንደ እሱ አለ። የሚያወራ አፍ ሞልቶ ነበር፣ ወደ ላይ የሚሄድ እግር ጠፋ እንጂ።

ክረምት ሲገባ፣ ሥር የማይዘው አፈር ውሃ ጠጥቶ ተናደ። ከዳገቱ ግርጌ የነበረው አንድ ቤት ነው፤ የጋኖ ልጅ የወይንሸት ቤት። እሷንም ልጆቿንም በእጃችን ቆፍረን ከጭቃ አወጣናቸው። አንዳቸውም አልተነፈሱም። የትኛው አንጀት ይችለዋል!

ሹሙ ለቀብር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከልቡ ያለቅስ ነበር።

«አባባ ጋኖ፣ ያ ሁሉ ዛፍ ሲጋዝ እንዴት አንድ ሰው አይሰማም?» ብሎ ጠየቀ።

ጋኖ የመቃብሩን አፈር በእጁ እንደያዘ ቀና አለና፣ «ሁላችንም ሰምተናል ልጄ፤ ግን ቀፎ የሌለው ዛፍ ዘመድ የለውም» አለው።